ዶአይ፦ መሄጃው ከመሬት በታች፣ መመለሻው ከመሬት በላይ

ሐሙስ

ከቶኪዮ ተነሥቶ ወደ ታካሳኪ የሚሄድ ሰው ሺንካንሴን በሚባለው ፈጣን ባቡር ከተሳፈረ አንድ ሰዓት አይሞላበትም፤ በተራው ባቡር ከሄደ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እኔና ጓደኛዬ ተራውን መረጥን። ገንዘብ መቆጠቡ እንዳለ ሆኖ፣ ዶአይ የሚባለውን ባለረጅም ደረጃ የተራራ ባቡር ጣቢያ ለማየት ብዬ ወጥቼ በመንገድ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ ሳላያቸው ማለፉ አልዋጥልህ አለኝ። ጓደኛዬ ግን ጉዞው ራሱ አልተዋጠለትም። «ጃፓን ውስጥ ስንት የሚታይ ነገር እያለ አንተ ደረጃ ልትቆጥር ትሄዳለህ!» እያለ ከቶኪዮው ኡኤኖ ጣቢያ እስከ ታካሳኪ ነዘነዘኝ።

ታካሳኪ ላይ ባቡር ስንቀይር አፉን የዘጋው ምሳው ነው። ከተማዋ ዳሩማ በሚባለው ቀይ የመልካም ዕድል አሻንጉሊት የታወቀች ናት፤ ጣቢያው ውስጥ የሚሸጠው የምሳ ዕቃም በዚያው በዳሩማ ፊት ቅርጽ የተሠራ ቀይ ፕላስቲክ ነው። ሩዙ፣ እንጉዳዩና የዶሮ ሥጋው ካለቀ በኋላ ዕቃው ሳንቲም ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ አፉ ላይ ቀዳዳ አለው።

ከታካሳኪ እስከ ሚናካሚ 59 ኪሎ ሜትር ነው። የጆኤትሱ መሥመር የቶኔን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ሜዳው እየጠበበ፣ ቤቶቹ እየሳሱ፣ በመጨረሻ ወንዙና ሐዲዱ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይጋፋሉ። ጥቅምት ስለነበረ ቅጠሉ ሁሉ ቀልቷል፤ ስለ ጃፓን የመጸው ቅጠል ግን የተጻፈው ስለሚበቃ እኔ አልጨምርበትም።

ሚናካሚ የፍል ውኃ ከተማ ናት። ያደርንበት ማደሪያ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ወደ ዶአይ ልንሄድ ነው ስንላቸው «በምን?» አሉን። በባቡር ስንል ሳቁ። አሁን አብዛኛው ሰው በመኪና ነው የሚሄደው አሉን። ልጅ ሳሉ ግን ከቶኪዮ በሌሊት ባቡር የሚመጡት ተራራ ወጪዎች ቁጥር ሥፍር እንዳልነበራቸው፣ ከበሩ ወርደው ደረጃውን በሩጫ ይሽቀዳደሙ እንደነበር አጫወቱን።

ማታ ካርታ ዘርግቼ ለጓደኛዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በቶኪዮና በጃፓን ባሕር ዳርቻ ባለችው በኒጋታ መካከል የተገተረው ተራራ ታኒጋዋ ይባላል። ከፍታው 1,977 ሜትር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ካየን ከአዲስ አበባ ያንሳል። ነገር ግን ከባሕር የሚመጣው ነፋስና በረዶ የሚወርድበት ቁልቁለቱ ሌላ ነው። ባቡሩን ለማሻገር በ1931 የሺሚዙ ዋሻ ተከፈተ፤ ርዝመቱ 9.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን በጊዜው በጃፓን የሚተካከለው አልነበረም። ዋሻው የባሰ እንዳይረዝም ሐዲዱ አስቀድሞ የተቻለውን ያህል ከፍ ማለት ነበረበት፤ ባቡር ደግሞ እንደ በቅሎ አቀበቱን ቀጥ ብሎ አይወጣም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በተራራው በሁለቱም በኩል ሐዲዱን በክብ አዞሩት፤ ባቡሩ ጥቂት ቆይቶ ራሱ የመጣበትን ሐዲድ ከላይ ይሻገረዋል። በረጅሙ ዋሻ ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው እንዳያፍንም ይህ ክፍል ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ በኤሌክትሪክ ነው የሠራው። ዶአይ በዚያን ጊዜ ከዋሻው አፍ አጠገብ፣ በነጠላው ሐዲድ ላይ የሚመጣና የሚሄድ ባቡር የሚተላለፉበት ቦታ ብቻ ነበረ። መንገደኛ የሚያስተናግድ ጣቢያ የሆነው በ1936 ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነጠላው ሐዲድ ትራንስፖርቱን መሸከም አቃተው። በ1967 አዲሱ የሺሚዙ ዋሻ ተከፈተ፤ እሱ 13.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘመኑ ረጅም ዋሻ መቆፈር የማያስፈራበት ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥሙ ቀረ፤ አዲሱ ሐዲድ ከሸለቆው ግርጌ ጀምሮ ተራራውን ቀጥ ብሎ በሳው። አሮጌው ወደ ቶኪዮ ለሚመለሱት፣ አዲሱ ወደ ኒጋታ ለሚሄዱት ተመደበ። ዶአይ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ሐዲዶች በቁመት 70 ሜትር ያህል ተራርቀዋል። ጣቢያው ግን አንድ ነው፤ የተራራ ወጪው ሁሉ መውረጃ እሱ ነው። ስለዚህ ከዋሻው ውስጥ አንድ መሳፈሪያ ተሠራና ከላይኛው ጣቢያ ጋር በደረጃ ተገናኘ።

«እና ሊፍት የለውም?» አለ ጓደኛዬ። የለውም።

ዓርብ

ወደ ዶአይ የሚያልፍ ባቡር በቀን አምስት ስድስት ቢሆን ነው። የጠዋቱ ባቡር ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው የሚጎትተው፤ ግማሹ ሰው የተራራ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ካሜራ አንጠልጥሏል። ከሚናካሚ ከወጣን ብዙም ሳንቆይ ዋሻ ውስጥ ገባን፤ ቀጣዩ ጣቢያ ዩቢሶም ወደ ኒጋታ ለሚሄዱት መሳፈሪያው እዚያው ከዋሻው ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጨለማ፣ የጎማና የብረት ድምፅ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ የራሳችን ፊት።

ዶአይ ላይ ስንወርድ መጀመሪያ የተቀበለን ቅዝቃዜው ነው። ባቡሩ ቀይ መብራቱን እያሳየ ሄደ፤ ድምፁ ግን አልሄደም፤ ለረጅም ጊዜ በዋሻው ውስጥ ሲያጉረመርም ቆየ። ጸጥ ሲል ውኃ ይሰማል። ከግድግዳው ይንጠባጠባል፣ በቦዩ ይወርዳል፣ የት እንደሚደርስ አይታይም። ከመሳፈሪያው ጎን ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ድሮ ቀርፋፋው ባቡር ለፈጣኑ መንገድ ለመልቀቅ ዞር የሚልበት ሐዲድ ያለፈበት ነው። የፈጣን ባቡር ዘመን አልፎ ባዶው ቀርቷል። አንድ ሰሌዳ ወደ ጃፓን አንደኛው የፍልፈል ጣቢያ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። የዋሻው መሳፈሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 583 ሜትር፣ የላይኛው ቤት 653 ሜትር፣ ደረጃው 462፣ ለመውጣት አሥር ደቂቃ፤ ሁሉም ተጽፏል። ጓደኛዬ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ከሰሌዳው ወዲያ ደረጃው አለ። ፎቶውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፎቶ ግን አቅጣጫውን እንጂ ርዝመቱን አያሳይም። 338 ሜትር ሙሉ አንድም ሳይታጠፍ፣ እንደ ተቃና ገመድ ሽቅብ ተወጥሯል። ከታች ሆኖ ሲታይ ጫፉ ላይ ያለው ብርሃን ከጥፍር አይበልጥም። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ የደረጃዎቹ ጠርዝ በስንት ሺህ ጫማ ተፍቆ ለስልሷል። በየመሐሉ የደረጃው ተራ ቁጥር ተጽፏል፤ ይህን የጻፈ ሰው ማበረታታቱ ይሁን መቀለዱ አልገባኝም። ደረጃው የዋሻውን ስፋት በሙሉ አይይዝም። ከጎኑ አንድ ሰፊ ጥርጊያ ከታች እስከ ላይ ባዶውን ይሄዳል፤ ኤስካሌተር ይገባበታል ተብሎ የተተወ ቦታ ነው። ከ1967 ጀምሮ ኤስካሌተሩን እየጠበቀ ነው።

ከወገቡ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ዐረፍ እንዳልን ቃጭል ሰማን። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ አምስት የሚጠጋ አንድ አባት፣ ቦርሳ አዝለው፣ ድብ ለማራቅ የሚታሰረውን ቃጭል ከማንገቻው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ ዓይነት እርምጃ እየረገጡ መጡ። ሰላምታ ሰጠናቸው። ከየት አገር ናችሁ አሉን። ኢትዮጵያ ስንላቸው ቆሙ። «አበበ!» አሉ። በ1964 ልጅ ሳሉ በኮሹ መንገድ ዳር ተሰልፈው አበበ ቢቂላን ሲያልፍ እንዳዩት ነገሩን። «አይተነፍስም ነበር፤ የሚተነፍስ አይመስልም ነበር» አሉን። ከዚያም ጎንበስ ብለው ተሰናብተውን፣ ቃጭላቸውን እያሰሙ ሽቅብ ቀጠሉ። እኔና የአበበ አገር ልጅ የሆነው ጓደኛዬ አፋችንን ከፍተን እያለከለክን ከወንበሩ ላይ ተያየን። ከዚያ በኋላ ማረፍ አልተቻለም።

ከ462ኛው ደረጃ በላይ አለቀ የሚል ሰው ይሳሳታል። በር ታልፎ 143 ሜትር የሚረዝም ድልድይ መሰል መተላለፊያ ይመጣል፤ ከሥሩ የዩቢሶ ወንዝና የመኪናው መንገድ ያልፋሉ፣ በአሮጌዎቹ መስኮቶች በኩል ድንገት ቀንና ዛፍ ይታያል። ከመተላለፊያው ማዶ 24 ደረጃ ይቀራል። ድምሩ 486። ጓደኛዬ የመጨረሻዎቹን 24 እንደ ስድብ ነው የቆጠራቸው።

የላይኛው ቤት ጣሪያው በትልቅ ሦስት ማዕዘን የቆመ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው አልባ ቦታ የማይመጥን ሰፊ አዳራሽ ነው። ከ1985 ጀምሮ ሠራተኛ የለውም። ሠራተኛ በነበረበት ዘመን ወደ ኒጋታ ለሚሄደው ባቡር ቲኬት መቁረጫው በር ባቡሩ ሊነሣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ሰው ቢሮጥም አይደርስምና። ይህን ሳነብ ከአንድ ደንብ ብዙ ነገር ገባኝ። ሌላ ቦታ ባቡር ያመለጠው ሰው መሳፈሪያው ላይ ቆሞ የባቡሩን ጀርባ ያያል፤ እዚህ ግን ያመለጠው ሰው ባቡሩን አያየውም፣ አይሰማውምም።

ከጣቢያው ወጥተን መንገዱን ይዘን ወደ ላይ ሄድን። ይህ መንገድ ብሔራዊ አውራ ጎዳና ቁጥር 291 ነው። በካርታ ላይ ተራራውን ተሻግሮ ኒጋታ ይደርሳል፤ በመሬት ላይ ግን እየጠበበ ሄዶ የእግር መንገድ ይሆናል፣ መኪናም አያልፍበትም። በመንገዱ ዳር በታኒጋዋ ላይ ለሞቱት የቆመ መታሰቢያ አለ። መቁጠር ከተጀመረበት ከ1931 እስከ 2012 ድረስ በዚህ ተራራ ላይ 805 ሰዎች ሞተዋል። በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው የቀጠፈ አንድ ተራራ አልተመዘገበም። የቆጠራው መጀመሪያና የባቡሩ መምጫ ዓመት አንድ ነው። ባቡሩ የቶኪዮን ወጣት በአንድ ሌሊት ከገደሉ ሥር ማድረስ በመቻሉ ቅዳሜ ሥራ ውሎ እሑድ ጠዋት ገደል መውጣት ተቻለ። ማደሪያችን ባለቤት በሩጫ ይሽቀዳደሙ ነበር ያሉን ልጆች እነዚህ ናቸው።

ከኬብል መኪናው መነሻ ወዲያ መንገዱ ለግል መኪና ዝግ ነው፤ በቢጫ ዛፎች መካከል አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኢቺኖኩራ ደረስን። ዛፉ ድንገት ይከፈትና ገደሉ ይቆማል። ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ሰው ሊወጣው ያስባል ብሎ ለመገመት የሚያስቸግር የድንጋይ ግድግዳ ነው። በመስከረም 1960 ሁለት ወጣቶች በዚህ ግድግዳ ላይ በገመድ እንደ ተንጠለጠሉ ሞቱ። ሬሳውን የሚያወርድ ሰው ቢሄድ እሱም ስለሚሞት የጃፓን ጦር አልሞ ተኳሾች ተጠሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ጥይት ተኩሰው ገመዱን በጠሱት። ገደሉን እያየን ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው የያዘውን የሩዝ ኳስ አስቀመጠ። ዓርብ ስለነበረ የገዛነው በጨው የታሸ ፕለም የገባበትን ብቻ ነው፤ ከዓሣና ከሥጋ ነፃ ነው፣ ጾመኛ ጃፓን ውስጥ የሚያዋጣው እሱ ነው።

በአውቶቡስ ተመለስን። ፍል ውኃ ውስጥ ጉልበታችንን ዘፈዘፍን።

ቅዳሜ

ወደ ኒጋታው በኩል ለመሻገር እንደገና በዋሻው ባቡር ተሳፈርን። ዶአይ ላይ በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ገባና ካሜራ የያዙ ጥቂት ሰዎች ወረዱ፤ ከዋሻው መሳፈሪያ የተሳፈረ ግን አላየሁም። ጨለማው ከዚያ ወዲያ ገና ነው። በመጨረሻ ስንወጣ ሰማዩ ሌላ ነበር፦ በሚናካሚ ፀሐይ ነበረች፣ እዚህ ዝናብ ይዘንባል። ክረምት ላይ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ አየር በዚህኛው በኩል በሜትር የሚለካ በረዶ አራግፎ ወደ ወዲያኛው ደረቅ ነፋስ ሆኖ ይሻገራል።

ኤቺጎ ዩዛዋ ላይ የቆየነው ለምሳና ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ጣቢያው ውስጥ የኒጋታ አውራጃ ጠማቂዎች ሁሉ ሳኬ፣ ማለትም ከሩዝ የሚጠመቀው መጠጥ፣ በትንንሽ ማሽን ተደርድሮ ይቀመሳል፤ ጨውና ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ድልህ እየላሱ መምረጥ ነው። ጓደኛዬ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ የተሰኘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አላመሰግነውም።

ተመላሹ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ይሄዳል። በትሱቺታሩ አካባቢ ትልቁ የመኪና አውራ ጎዳና ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ እሱም ታኒጋዋን የሚበሳበት የራሱ ዋሻ አለው፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ1985 የተከፈተ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1982 ደግሞ ሺንካንሴኑ 22 ኪሎ ሜትር በሚረዝም በሦስተኛ የባቡር ዋሻ ተሻገረ። በዋሻው ቁፋሮ ወቅት የፈለቀው ውኃ ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ በጠርሙስ ታሽጎ በባቡር ጣቢያዎች ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ተራራው አራት ጊዜ ተበስቷል። እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ ከፊተኛው ላይ መንገደኛ ነጠቀ፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች ወደ ሺንካንሴኑ ሄዱ፣ ተራራ ወጪው በመኪናው መንገድ መጣ። ዶአይን ባዶ ያደረገው ርቀቱ ወይም ደረጃው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ደረጃው በ1967ም እዚያው ነበር፤ ሰው ግን ይግተለተልበት ነበር።

ከአሮጌው ዋሻ ስንወጣ ወዲያው ዶአይ ነው። ወረድን። ማንም ሳያውቅ የመጣ ሰው ይህ የትናንቱ ጣቢያ ነው ቢሉት አያምንም፦ ሣር የበቀለበት አጭር መሳፈሪያ፣ ነጠላ ሐዲድ፣ ዙሪያውን ጫካ፣ ከጥቂት እርምጃ በኋላ አዳራሹ። አንድ ደረጃ እንኳን ሳያለከልክ ቲኬቱን ሳጥን ውስጥ ጥሎ ይወጣል። ጠዋት ከተማ የሄደ የዶአይ ሰው ቢኖር ወደ ኒጋታ ሲሄድ የሚወርደውን ከኒጋታ ሲመለስ አይወጣውም። ደረጃውን ሁሉ የሚከፍለው ከቶኪዮ የሚመጣው እንግዳ ነው።

ቀጣዩ ባቡር ሰዓታት ይቀሩታል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ቢሮ ከ2020 ወዲህ ካፌ ሆኗል፤ በግቢው ውስጥም እንደ ጉልላት ክብ የሆኑ የእንግዳ ድንኳኖች ተተክለዋል። ቡና አዘን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪና ይመጣል፣ ቤተሰብ ይወርዳል፣ ልጆቹ በመተላለፊያው ሮጠው ይጠፋሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይተው አባትየው ቀልቶ፣ እናትየዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ልጆቹ እየሳቁ ይመለሳሉ። መኪናቸውን አስነሥተው ይሄዳሉ። ባቡር የሚጠብቅ እኛና አንድ ቦርሳውን ተንተርሶ የተኛ ተራራ ወጪ ብቻ ነን። አንድ ጣቢያ ባቡር በማይሳፈሩ ሰዎች ሲኖር ማየት ግራ ያጋባል፤ ቢሆንም ኤስካሌተሩ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ይመጣ ነበር ብዬ አሰብኩ። ያኔ ዶአይ በሩ ተዘግቶ ይቀር ነበር የሚል እምነት አለኝ፤ ጓደኛዬ ግን ይህ ኤስካሌተር ያልሠራ ሰው ሰበብ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ቡናው እስኪያልቅ አልተስማማንም።

ባቡሩ ሲመጣ የመስኮት ወንበር ያዝን። ከዶአይ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ቁልቁለቱን በክብ መውረድ ይጀምራል፤ በአንድ ቦታ ላይ ዛፎቹ ሲለያዩ ከእግራችን ሥር ሩቅ የዩቢሶ ጣቢያ ታየ፣ ጥቂት ቆይተን የምንደርስበት ጣቢያ። ባቡሩ ጨለማ ገባ፣ ዞረ፣ ወጣ፣ አሁን ያየነው መሳፈሪያ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ በዋሻው የሄደው አዲሱ ሐዲድ ከጎናችን መጥቶ ገጠመና ሁለቱ እንደ ማንኛውም ሐዲድ ጎን ለጎን ወደ ሚናካሚ ወረዱ። የታካሳኪው ባቡር በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ድልድዩን በሩጫ ተሻግረን ደረስንበት።